ተቀማጭ ያጣው ወንበራችን

የከተማችንን ስም አልጠራም። ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ የተነሳ ሰው ጎረቤቱ ትከሻ ላይ አንድ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ የሚደርስባት ናት ብዬ ልለፈው። ስሟን ብጠራ "ለምን ጠራት?" የሚል አይጠፋም። "ለምን?" የሚል ሰው ደግሞ ነገርን ምን ድረስ እንደሚወስደው አሁን እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። ኃላፊ ስላልኩ ከሥሬ ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ። መጽሐፍ የማወጣውም፣ የምመልሰውም፣ ወለሉን የምጠርገውም፣ "ጸጥታ ይከበር" ብዬ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። ጸጥታውስ ሳይለጠፍም የተከበረ ነበር። አንድ ሰፊ ክፍል፣ አራት መደርደሪያ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ ወንበሮች፤ አንባቢ ግን በቀን አንድ ወይም ሁለት። ከሁለቱም አንዱ ዝናብ ሊያሳልፍ የገባ ነው። ክረምት ላይ በዚህ የተነሳ ጥሩ ቁጥር እናስመዘግባለን።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁልኝ፤ እኔ የምጨነቅ ሰው ነኝ። ሰው "ደህና ነህ ወይ?" ሲለኝ "ምን ሰምቶ ይሆን?" እላለሁ። ባለቤቴ አስካለ "አንተ እኮ ሠርግ ሲጠሩህ 'ምን አጥፍቼ ነው?' የምትል ሰው ነህ" ትለኛለች። ውሸቷን አይደለም።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው ነው ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ የመጣው። "ቤተ መጻሕፍቱ በቂ ተገልጋይ የሌለው መሆኑ ስለተደረሰበት፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ለውጥ ካልታየ ክፍሉ ለንብረት ማከማቻነት የሚውል መሆኑን እናሳስባለን" ይላል። ከታች የሥራ አስኪያጁ የአቶ ዘውዱ ፊርማ አለበት። ደብዳቤውን አንብቤ ከመደንገጤ በፊት በፊርማው ተደነቅሁ። አቶ ዘውዱ አንድም ስልጠና፣ አንድም ስብሰባ ላይ ናቸውና የከተማው ሰው ለቤት ፕላንም ለሌላም ፊርማቸውን ፍለጋ ወር ሙሉ ይመላለሳል። እኔ ሳልፈልገው ቤቴ ድረስ መጣልኝ።

ከቋሚ አንባቢዎቼ ግማሹን የምትሸፍነው መምህርት ሰዓዳ ናት። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ እዚህ መሰናዶ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ታስተምራለች። ደብዳቤውን አሳየኋት።

"ጋሼ፣ ሰው እኮ ቤቱ መኖሩንም አያውቅም" አለችኝ። "ፌስቡክ ላይ ገጽ እንክፈትለት።"

"ፌስቡክ ላይ ሰው ይሰደባል ይባላል።"

"የሚሰደበው ታዋቂ ሰው ነው። እርስዎን ማን ያውቅዎታል?"

ይህ በጣም አረጋጋኝ።

ገጹን በእሷ ስልክ ከፈትን። ፎቶ ያስፈልጋል አለች። መጽሐፎቹ አቧራ ስለነበረባቸው ወንበሮቹን ደረደርንና አነሳቻቸው። ከሁሉ የሚያምረው አንድ የሚሽከረከር የቆዳ ወንበር ነበርና መሐል አደረግነው። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ሲገዛ ለእኛ የለገሰው ነው፤ የግራ ክንዱ ተሰብሮ በቢጫ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ከዚያ ጽሑፍ ያስፈልጋል ተባለ። እኔ "የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ ንባብ ለአንድ ማኅበረሰብ ዕድገት ያለው አስተዋጽኦ" ብዬ ገጹን ሞላሁት።

ሰዓዳ አየችውና "ጋሼ፣ አንባቢ ለመጥራት የማይነበብ ነገር ይጻፋል? ባጭሩ ያድርጉት" አለችኝ።

ግማሽ ቀን ስሰርዝ ስደልዝ ዋልኩና እንዲህ አልኩ፦ "ወንበሩ አለ፤ የሚቀመጥበት ሰው ጠፋ። እባካችሁ ኑና ተቀመጡ።" ሰዓዳ አነበበችው። "ይኸው! ግልጽ ነው፣ አጭር ነው" ብላ ለጠፈችው። እሷ ኮምቦልቻ ስላደገች አልፈርድባትም። እኔ ግን ጎጃም ተወልጄ፣ ጎጃም አድጌ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር በገዛ እጄ ጻፍኩ።

በመጀመሪያው ቀን የወደዱት ሦስት ሰዎች ናቸው። እኔ፣ ሰዓዳ፣ እና ራሱን "ብቸኛው አንበሳ" ብሎ የሚጠራ የማላውቀው ሰው። ይህ አንበሳ ማን ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ከቤቱ ወጣ። ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ በመስኮት ያያል።

"አንተ! ለካ እንዲህ ነህ!" ብሎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "ዝም ብለህ ዝም ብለህ!"

"ምን አደረግሁ?"

"ወርቁን አገኘነው እኮ!" ጠቀሰኝ።

ሰው ወርቅ ጥሎ ተገኝቶለት ይሆናል ብዬ "እንኳን ደስ ያላችሁ" አልኩት። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሻይ ቤት በር ላይ ስደርስ ሦስት ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሱልኝ። ለእኔ ሰው ሲነሳልኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ከኋላዬ ማን አለ ብዬ ዞርኩ። ማንም የለም።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩና ሰዓዳን ከክፍል አስጠራኋት። ገጹን ከፈተችው። አስተያየቱ ቁጥር የለውም። "አንጀቴን አራሰው" ይላል አንዱ። "እንዲህ ያለ ደፋር በከተማችን አለ?" ይላል ሌላው። አንዱ ደግሞ፦ "ያችን በቢጫ ፕላስተር የተጠቀለለች ክንድ ያላወቀ የከተማው ሰው አይደለም። እኛም ከወንበሩ በቀር ያየነው የለም።"

ለካ የቆዳው ወንበር አዲሱ እስኪገዛ ድረስ አቶ ዘውዱ ይቀመጡበት የነበረው፣ ይልቁንም የማይቀመጡበት የነበረው ነው! ሰው ሁሉ ፊርማ ፍለጋ ሄዶ ያንን ባዶ ወንበር ሲያይ የኖረ ነው። እኔ ደግሞ ፎቶ አንስቼ "ወንበሩ አለ፤ የሚቀመጥበት ሰው ጠፋ" ብዬ ለጠፍኩት።

እናንተ የሌላ አገር ሰዎች "እና? ተሳስቼ ነው ይላላ" ትሉ ይሆናል። በእኛ አገር ሰው ያለ ወርቅ ይናገራል ብሎ የሚያምን የለም። እንዴት አደርክ ስትሉት "እንዴት አደርክ ማለቱ ምን ለማለት ነው?" ብሎ ሲያሰላስል ይውላል። አንድ ጎረቤቴ "ኧረ በሬዬ ጠፋ!" ብሎ ቢጮህ፣ ሰው ተሰብስቦ የበሬውን ምሥጢር ሲፈታ በሬው ሌላ ቀበሌ ገብቷል።

ማስተካከያ ልጻፍ ብዬ ድርቅ አልኩ። ሰዓዳ "ይተዉት፣ በራሱ ይበርዳል" ብትለኝም የሚጨነቅ ሰው መተው አያውቅም። "ጽሑፋችን ወርቅ የለውም" ብዬ አስለጠፍኳት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ "ወርቅ የለውም፣ ውስጡ ባዶ ነው ማለቱ ነው!" ተባለ። ላቤን ጠርጌ "ያልነው ስለ እንጨት ወንበር ብቻ ነው" ብዬ ሁለተኛ አስለጠፍኩ። "አሁንስ አበዛው፣ ጭራሽ እንጨት አላቸው!" ተባለ። በሦስተኛው ሁሉንም አጥፊው አልኳት። አጠፋችው። ይህን ጊዜ ከተማው ተነሳ፦ "አስገድደው አስጠፉት!" ለካ ሰው ሁሉ በየስልኩ አስቀምጦት ኖሯል፤ ከአንድ ገጽ ያጠፋነው በመቶ ገጽ ላይ በቀለ።

"ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ" አለች ሰዓዳ። "ከእንግዲህ ምንም አይጻፉ። ስምዎንም ቢሆን።"

ወዲያው የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ ደወለች። "አቶ ዘውዱ ባሕር ዳር የነበረባቸውን ስልጠና አቋርጠው እየመጡ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሯቸው እንዲቀርቡ ብለዋል።" ስልኩን ዘግታ፣ ተመልሳ ደወለች። በሹክሹክታ "እርስዎ ባይሆኑ አይመጡም ነበር፤ እግዜር ይስጥልን" ብላ እንደገና ዘጋችው።

ለምሳ ቤት ገብቼ ለአስካለ ነገርኳት። ምንም ሳትናገር ተነሳችና ጋቢ፣ በሶ፣ ሳሙናና ፎጣ ትቋጥር ጀመር።

"ለጥያቄ ነው እኮ የተጠራሁት" አልኳት።

"የሄደ ሁሉ ለጥያቄ ብሎ ነው የሚሄደው" አለችና ሁለት ካልሲ ጨመረች።

ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን ብከፍትም መቀመጥ አልቻልኩም። በመደርደሪያዎቹ መካከል ስመላለስ በሩ ላይ አንድ ጥምጥም ያሰሩ፣ መቋሚያ የያዙ፣ ከረጢት ያነገቱ ካህን ቆሙ። ጫማቸው አቧራ በአቧራ ሆኗል።

"ወንበር ተዘርግቶ የሚቀመጥበት መምህር የጠፋው እዚህ ቤት ነው?" አሉኝ።

መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ፤ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የመጡት ከዲማ ነው። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ስልክ ላይ "ወንበሩ አለ፣ የሚቀመጥበት ሰው ጠፋ፣ እባካችሁ ኑና ተቀመጡ" የሚል አንብቦ ነግሯቸው፣ በቤተ ክርስቲያን ወግ ወንበር ማለት የመምህር ወንበር ነውና፣ ይህን ያህል የተለመነ ቤት አይታለፍም ብለው ግማሹን በእግር ግማሹን በመኪና ደረሱ። ተማሪዎቼ የት አሉ ቢሉኝ ምን እላለሁ?

"የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ወንበሩ… ይኸ ነው" ብዬ የቆዳውን ወንበር አሳየኋቸው።

አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ተመልሰው ወንበሩን አዩት።

"የሚሽከረከረው?"

"እንዳይሽከረከር በገመድ አስሬዋለሁ።"

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መንገዱ አድክሟቸው ነበርና ተቀመጡበት። ውኃ አመጣሁላቸው። ሲጠጡ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ነበር። "ሰዋስው አለህ?" አሉኝ። አንድ የግእዝ ሰዋስው ነበረን፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። ሰጠኋቸው። እሳቸው ሲያነቡ እኔ ጣቴን ስነክስ ቆየንና ቀና ሳይሉ "ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትብሰለሰለው?" ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ነገ አብሬህ እሄዳለሁ" አሉ። "ከዲማ እዚህ ድረስ ያስመጣኝን ቃል ላየው ይገባኛል።"

እኛው ቤት አደሩ። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እኔ ጋቢና በሶ የተቋጠረበትን ዘንቢል፣ እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘን ማዘጋጃ ቤት ደረስን። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል። አቶ ዘውዱ ገብተዋል መባሉን የሰማ ሁሉ ፎልደሩን ይዞ መጥቷል። እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንዱ "አይዞህ!" አለኝ። አይዞህ መባል እንደሚያስፈራ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

አቶ ዘውዱ አዲሱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጽሑፌ በወረቀት ታትሞ ተዘርግቷል።

"ይህ ምን ማለት ነው?"

"ወንበር ማለት ነው፣ ጌታዬ።"

"የጠፋው ማን ነው?"

"አንባቢ።"

"አንባቢ የሚለውን ቃል አሳየኝ።"

ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። "አንባቢ" የሚል የለም። ደግሜ ፈለግሁ። "መጽሐፍ" የሚልም የለም! ግማሽ ቀን የደከምኩበት የቤተ መጻሕፍት ማስታወቂያ መጽሐፍ የሚል ቃል የለውም። ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

"ታዲያ?" አሉ አቶ ዘውዱ።

"ይፍቀዱልኝ" አሉ የኔታ ከኋላዬ። ወረቀቱን ተቀበሉና ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሦስት ጊዜ አነበቡት። በጣታቸው ቆጠሩ። ኮሪደሩም ጸጥ አለ፤ በሩ በደንብ አይገጥምም።

"ቅኔ ነው ተብሎ ከሆነ የተከሰሰው" አሉ የኔታ፣ "ቤት አይመታም። ልክ የለውም። ወርቅ ያለው ሰው ወርቁን ይሸሽጋል፤ ይህ ሰው ግን የሚሸሽገው ነገር ኖሮት አያውቅም። የዋህ ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት፣ የኔታ?"

"ዕድሜ ልኬን ቅኔ አስተምሬያለሁ። ብዙ ደካማ ተማሪ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስሰደብ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እጃቸውን ልስም ስጎነበስ የኔታ ግን አልጨረሱም ነበር።

"ወርቁን ያገባበት አንባቢው ነው" አሉ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እየመለሱ። "ለምን እንዳገባበት ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።"

ሞትኩ አልኩ በልቤ። ዘንቢሌን አጥብቄ ያዝኩ። አቶ ዘውዱ ግን አልጮሁም። በሩ ሥር የሚታየውን የጫማ ብዛት አዩ።

"ከሰዓት እመጣለሁ" አሉኝ። "ወንበርህ ላይ ተቀምጬ ፎቶ አንሳኝና ለጥፈው። ነገሩ በዚሁ ይቁም።"

መጡም። ከመደርደሪያው ወፍራሙን መርጠው አወጡ፤ ስለ ከብት በሽታ የተጻፈ ነው። ሰዓዳ አነሳቻቸው። ጽሑፉን እኔ እንዳልነካው ተስማማንና ሰዓዳ ጻፈችው፣ የኔታ መርምረው አጸደቁት፦ "ቤተ መጻሕፍቱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። መጽሐፍ ለማንበብ ይምጡ።"

የመጀመሪያው አስተያየት አንድ ቃል ነበር፦ "ተገኙ!"

አቶ ዘውዱ ስለ ከብት በሽታ ሦስተኛውን ገጽ ሳይገልጡ ኮሪደሩ በሙሉ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ፈለሰ። ፎልደር የያዘ፣ ፕላን የጠቀለለ፣ ከገጠር የመጣ። ተነስተው ቢሄዱ ጠፉ ይባላሉ፤ ስልክ ያልደገነባቸው ሰው የለም። ስለዚህ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ሲፈርሙ ዋሉ። ማታ ሲወጡ እጃቸውን እያሹ "ማክሰኞና ሐሙስ እዚህ እየመጣሁ ላንብብ መሰለኝ" አሉ። ቢሯቸው ከሚያገኛቸው ይልቅ እኛ ቤት ሲያነቡ የሚያገኛቸው ሰው በዛ።

እኔ በበኩሌ አዲስ ጭንቀት ያዘኝ። አንድ ቀን ተቆጣጣሪ መጥቶ "እነዚህ አንባቢ ናቸው?" ቢለኝስ? ስለዚህ "መጽሐፍ ሳይዙ መቀመጥ ክልክል ነው" አልኩ፤ ለጥንቃቄ በቃል እንጂ በጽሑፍ አይደለም። ተራ ጠባቂው ሁሉ መጽሐፍ ታቅፎ ይቀመጣል። አንዳንዱ ይገልጠዋል፤ ከገለጡት አንዳንዱ ተራው ሲደርስ "ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ" ማለት ጀመረ። ሦስቱ ወር አለፈ። ክፍሉን የሚወስድ አልመጣም፣ ደብዳቤም አልመጣም። አለመምጣቱም ያስጨንቀኛል። የኔታ በሦስተኛው ቀን ወደ ዲማ ሲመለሱ ሰዋስዉን ይዘውት ሄዱ። እንዲመልሱ ደብዳቤ ልጽፍላቸው አስቤ፣ ዓረፍተ ነገሬን ፈርቼ ተውኩት።

ከተራ ጠባቂዎቹ መካከል እማማ ብርቄ የሚባሉ የገጠር ሴት ነበሩ። ለቤታቸው ፕላን ፊርማ ሦስት ማክሰኞ ተመላልሰዋል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ደንቡ ደንብ ነውና አንድ ልብ ወለድ ሰጥቻቸው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። በሦስተኛው ማክሰኞ "ይኸ የታቀፍኩት ነገር ምን ይላል?" አሉኝ። ጥቂት ገጽ አነበብኩላቸው፤ አንዲት ልጅ ለእናቷ ሳትናገር ጓዟን ይዛ አውቶቡስ ስትሳፈር ይጀምራል። ተራቸው ደረሰና አቋረጥን።

በቀጣዩ ቅዳሜ በጠዋት እማማ ብርቄ በሩ ላይ ቆመዋል።

"እማማ፣ አቶ ዘውዱ ዛሬ የሉም። ማክሰኞ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ፊርማው አላለቀም እንዴ?"

"አልቋል። ያቺ ልጅ ከተሳፈረች በኋላ እናቷ አወቀች?"

መጽሐፉን አንብቤው አላውቅም። "አላውቅም፣ እማማ" አልኳቸው።

"ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

አቶ ዘውዱ ያን ሁሉ ጠይቀውኝ እንዲህ አላላበኝም ነበር። መጽሐፉን አወጣሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አመቻችተው ከጎኔ ቁጭ አሉ፤ እኔም ሌላ ጥያቄ ሳይከተለኝ እናቲቱ ጋ ልድረስ ብዬ ገጹን እየዘለልኩ በጥድፊያ ማንበብ ጀመርኩ። እማማ ብርቄ መዳፋቸውን ገጹ ላይ ጫኑብኝ።

"ቀስ በል እንጂ ልጄ" አሉኝ። "አውቶቡሱ ገና አልተነሳም።"